ለታጁራ ጠላቂዎች የተሰጠ መልስ

«ብትለቅሙት ባሕሩ አይጎዳም በያቸው፤ ሌላ ምንም አልጠየቅኩሽም።»

አጎቷ ባህረዲን ኖኪያቸውን አፏ ሥር ደቅነዋል። ዘኪያ ስዊድን፣ ሁስቢ ሰፈር ባለው መኖሪያ ሕንፃዋ ምድር ቤት፣ ትቬትስቱጋ በሚሉት የጋራ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ፣ ከማድረቂያው ትኩስ ልብስ ታወጣለች። የልብስ ማጠቢያ ተራዋ ሊያልቅ ነው። እሳቸው ግን እዚህም ድረስ ተከትለዋት ወርደዋል።

ስልኩ ላይ ያለው ሸሪካቸው ሸኪብ ነው። ታጁራ ባሕር ዳር ዓሣ አጥማጆቹን ሰብስቦ፣ ሁሉም እንዲሰሙ ስልኩን በድምፅ ማጉያ ከፍቶ ይጠብቃል። ለቻይና ገበያ የባሕር ኪያር የሚባለውን ትል መሳይ እንስሳ ጠልቀው እንዲለቅሙለት ቢለምናቸው «ዓሣው የሚጠለልበት ኮራል ይሞታል» ብለው እምቢ አሉት። ስዊድን ያለችው የባሕር ተመራማሪ ዘኪያ ጉዳት እንደሌለው ካረጋገጠችላቸው ግን ነገ ጠዋት ይጠልቃሉ።

«ጋሼ፣ ሰዎቹ ልክ ናቸው። አልዋሻቸውም።»

«ለዚያ ትል ብለሽ? አባትሽ ሲሞት ማን አሳደገሽ?»

ይሄ ያማል። ጅዳ ወስደው ያሳደጓትም ያስተማሯትም እሳቸው ናቸው። ያላቸውን ሁሉ እዚህ ንግድ ላይ እንዳፈሰሱም ታውቃለች። ቢሆንም ደሟ ፈልቷል።

«ትሉ አይደል እንዴ አሸዋውን የሚያጥበው! ቀን ከሌት አሸዋ ይበላል፣ ቆሻሻውን አስቀርቶ ንጹሑን ያወጣል። ኮራሉ አጥንቱን የሚሠራበትን ኖራ እንኳ ሆዱ ውስጥ አሟሙቶ ይመልስለታል። እሱን ለቅመው ሲጨርሱ አሸዋው ይበሰብሳል፣ ዓሣው ይሄዳል። ያን ጊዜ ልጆቻቸውን ምን ያብሉ?»

«ዶክተር፣ ተሰብስበዋል» ይላል ሸኪብ በአማርኛ። «እርስዎ ብቻ ይናገሩ፤ እኔ እተረጉማለሁ።»

ይተረጉማል! አወይ ተርጓሚ! እሷ ምንም ብትል እሱ የሚላቸው የራሱን ነው። ስልኩን ከአጎቷ እጅ መንጭቃ፣ ዓሣ አጥማጆቹም በሚሰሙት በጅዳ ዓረብኛ ትጮኻለች።

«ተመራማሪዋ እኔ ነኝ! ልክ ናችሁ፤ አንድም እንዳታነሡ! ሌላ ነገር የሚላችሁ ሰው ይዋሻል፤ አጎቴም ቢሆን!»

ታጁራ ላይ ሁካታ ይነሣል። አንድ ሽማግሌ ከት ብሎ ይስቃል። ሸኪብ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ይዘጋዋል።

«ገደልሽኝ» ይላሉ ባህረዲን።

«አዝናለሁ ጋሼ። ግን ይቅርታ አልልም።»

ወደ ማድረቂያው ትመለሳለች። የቀረው ትልቁ አንሶላ ነው፤ ለብቻ አይታጠፍም። ሁለቱን ጫፍ ይዛ ሌላውን ትዘረጋላቸዋለች።  አጎቷ ይይዙትና በንዴት፣ ከእጇ ሊነጥቁት እስኪመስል ይስባሉ።

እሷም እግሯን ተክላ ትስባለች።