የአባቴ ክፍል

ቡታጅራ ያለውን የአባቴን ቤት እንግዳ ማረፊያ ካደረግነው ሦስት ዓመት ሆነ። እሳቸው የሞቱበትን ክፍል ግን አላከራይም ነበር። ትናንት ገበያ ስለነበር ቤቱ ሞላ፤ ልጄ ፈትሂያ ወትውታ አዳነ ለሚባል አስተማሪ አስከፈተችኝ።

ጠዋት አዳነ ፍርፍሩን እየበላ ሳቀ።

«አባትዎ ጠንካራ ናቸው፣ አባባ! ለሱብሂ ስገድ ብለው በሩን በዱላ ደበደቡት። ክርስቲያን ነኝ ብላቸው አፈሩ።»

በሕይወት ሳሉም እንደዚያ ነበር የሚቀሰቅሱን።

«ሌላስ ምን አሉህ?»

«‹አንተ እንግዳ ነህ፣ ተኛ። ክፍሌን ለሰጠብኝ ልጄ ግን፣ ከእንግዲህ አንተ ጋ ነው የማድረው በልልኝ› አሉ።»

ሻዩን ቀድቼለት ወደ መኝታዬ ሄድኩ። ጠዋት ያነጠፍኩት አልጋ በግድግዳው በኩል ሰው እንደተኛበት ጎድጉዷል። በእኔ በኩል ብርድ ልብሱ ተገልጦልኛል።