ሰባኛው ቀን

«ይህ የአየር ማጣሪያ ስንት ቀን ይሠራል?» ብለው ተቆጣጣሪው አቶ ይበልጣል የዛሬ ዓመት ሲጠይቁኝ የማጣሪያውን ወረቀት ዘቅዝቄ ሰጠኋቸው። ያኔ ፊደል አልቆጠርኩም ነበር። በከተማችን ማጣሪያው ሦስት ጊዜ ቀይ የበራበት ቤት ልጁን ለንጹሕ አየር ማደሪያ ያስረክባል። እኛ ቤት ሁለት ጊዜ በርቷል።

ዛሬ ተመልሰው መጡ። «ወረቀቱ ስድሳ ቀን ይላል፤ አልፎበታል፤ ይህም እንደ ሦስተኛ ቀይ ይቆጠራል። የልጅዎን የትርሲትን ልብስ ያዘጋጁ» አሉኝ።

የመሠረተ ትምህርት ደብተሬን ገልጬ፣ ጣቴን ከቃል ቃል እያስኬድኩ አነበብኩላቸው። «ዐሥራ ዘጠነኛ ቀን። በርበሬ አመስኩ። ማጣሪያው ተደፈነ፤ ቀይ በራ። ሌላ አዲስ ማጣሪያ፣ አንደኛ ቀን። ግማሽ ነጠላዬን ከፊቱ ሰፋሁበት። በየሳምንቱ አጥባታለሁ። ሰባኛ ቀን፣ አረንጓዴ።»

«በነጠላ?» ብለው ሳቁ።

«እናንተ ስትሞክሩት በርበሬ አምሳችሁበታል?»

«ቤተ ሙከራ ውስጥ ማን በርበሬ ያምሳል እትዬ?»

«እንግዲያው ቁጭ ይበሉ።»

ምጣዱን ጥጄ በርበሬውን አመስኩት። እሳቸው እንባቸው እስኪፈስ አስነጠሱ። መብራቱ ግን አረንጓዴ እንደሆነ ቆየ።

«ያችን ገጽ ይስጡኝ፤ ለአለቆቼ ላንብብላቸው» አሉ።

እሑድ ቤተ ክርስቲያን የምሄደው በቀረችኝ ግማሽ ነጠላ ነው። አቶ ይበልጣል ገጼን ይዘው ሄዱ፤ ትርሲት እኔ ዘንድ ቀረች።