የኋለኛው ግማሽ

የእህትማማቾቹ ስህተት አስፈሪውን ልቦለድ ለሁለት መቅደዳቸው ነበር። ተራ መጠበቅ የማይሆንላት ታላቅየዋ የፊተኛውን ግማሽ ይዛ ሶፋው ላይ ተጋደመች፤ ዳቦ ልትገዛ ወጥታ ባዶ እጇን የተመለሰችው ታናሽየዋ የኋለኛውን አንስታ ፊት ለፊቷ ተቀመጠች።

በታሪኩ አንዲት ልጅ ተልካ ወጥታ ትመለሳለች፤ ለእህቷ ግን የመጣችው እሷ አትመስላትም። እዚህ ላይ የታላቅየዋ ግማሽ አለቀ።

«እውነት እሷ አይደለችም? ንገሪኝ እንጂ፣ ልቤን አታውልቂው!»

«የቸኮለ አፍሶ ለቀመ፤ ትደርሺበታለሽ» አለች ታናሽየዋ ሳትስቅ።

ስልኩ ጮኸ። የታናሽየዋ ድምፅ ነበር። «እትዬ፣ ዳቦ ቤቱ ሰልፍ ነው፣ ትንሽ ታገሺኝ። ደግሞ የኔን ግማሽ እንዳትነኪ!»

ፊት ለፊቷ የተቀመጠችው የመጨረሻውን ገጽ አንብባ ጨረሰች። ግማሹን በታላቅየዋ ጭን ላይ አኖረችላት፣ ወጣችና በሩን ቀስ ብላ ዘጋችው።