አልማዝ ማለት ክልክል ነው

በጠላት ዘመን፣ ከዛሬው ፍኖተ ሰላም ብዙ በማይርቀው በማንኩሳ፣ የክንፈሚካኤል ሚስት ሴት ልጅ ወለደች። አባት አልማዝ ሊላት ፈለገ። አማቱ ወይዘሮ ወለተ ጊዮርጊስ እንቢ አሉ።

ክንፈሚካኤል የጣሊያኖቹ አስተርጓሚ ነበር። በልጅነቱ ነጋዴ ተከትሎ አስመራ ሄዶ ቋንቋቸውን ለቃቅሞ መጣ፤ ከማንኩሳ እስከ ቡሬ ሁለቱን ቋንቋ የሚሰማ ሌላ ሰው አልነበረም። ስለ ሥራው አገሩ ይጠላዋል። ገበያ ሲገባ ሰው ጀርባውን ይሰጠዋል፤ ቤቱ ሲገባ አማቱ ይሰጡታል።

«አልማዝ ምንድን ነው?» አሉት።

«ዕንቁ ነው እሜቴ። የሚያበራ ድንጋይ።»

«ድንጋይ! ለልጄ ልጅ ድንጋይ! ድንጋይ ከወደድህ ከአጥሩ ሥር ሞልቶልህ የለም?»

«ከሁሉ የከበረ ነው። አስመራ አንዲት የነጋዴ ሚስት ጣት ላይ አይቼ፣ ያን ዕለት ነው ለልጄ ያሰብሁት።»

«የሰው ሚስት ጣት ስታይ ነዋ የከረምኸው!»

መሪጌታ ወልደ ሥላሴ ሊያስታርቁ ገቡ። የጥንቱ ሊቀ ካህናት እንዲህ ያለውን ዕንቁ ደረቱ ላይ ይደረድር እንደነበር አስረዱ።

«ደረቱ ላይ ደረደረው እንጂ ልጁን በስሙ ጠራ?» አሉ ወይዘሮ ወለተ ጊዮርጊስ። መሪጌታ ጠላቸውን ጨልጠው ወጡ።

በዚያ ቤት ስም የምታወጣው አያት ናት። አያት ደግሞ ንግሥቴ ብለው ቆርጠዋል። እናቲቱ አስካለ ማርያም ሁለቱንም ፈርታ ልጇን «አንቺ» እያለች ታጠባ ነበር። ክርስትናዋ እየቀረበ ነው፤ ድግሱ ላይ ሰው ሁሉ ስሟን ሰምቶ ከሄደ በኋላ የሚመለስ ነገር የለም። ክንፈሚካኤል እህል አልወርድ አለው። በውጭም በቤትም ቃሉን የሚያከብርለት ሰው አጥቶ፣ የለመነው ነገር ቢኖር ይህ ብቻ ነበር።

በዚህ መካከል ለቡሬ ምሽግ አዲስ ካፒቴን መጣ። ከእሱ በፊት የነበረው ሐሳቡን የሚገልጸው ቤት በማቃጠል ነበር፤ ይህኛው ንግግር ይወዳል። በማንኩሳ የገበያ ቀን ካሚዮን ላይ ወጥቶ ሕዝቡን አሰባሰበ። ረጅም ተናገረ። እጁን ወደ ተራራው ዘረጋ፤ ዳር ወደ ታሰሩት በቅሎች ጠቆመ፤ የገዛ ትከሻውን መታ መታ አደረገ። በመጨረሻ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ አለ።

ክንፈሚካኤል ጉሮሮውን ጠረገ።

«ከዛሬ ጀምሮ ሴት ልጁን አልማዝ ብሎ የጠራ፣ በቅሎው ይወረሳል።»

ሰው ሁሉ ዳር ወዳሰራቸው በቅሎቹ ዞረ።

«ያ ሁሉ ልፍለፋ ለዚህች ነው?» አሉ ሽማግሌው አቶ ላቀው።

«ቋንቋቸው ረጅም ነው አባቴ።»

«ስሙ ምን አደረገው?»

ክንፈሚካኤል ወደ ካፒቴኑ ዞሮ ጥቂት ቃል ተናገረ። ካፒቴኑ ፈገግ ብሎ ብዙ መለሰ።

«አልማዝ ብረት የሚቆርጥ ድንጋይ ነው፤ እሱን ግን የሚቆርጠው የለም። ልጁን እንዲህ ብሎ የሚጠራ ሰው ልቡ ዱር ከገቡት ጋር ነው ይላል።»

«ይስቃል ደግሞ!» አለች አንዲት በርበሬ ሻጭ። «የልጆቻችንን ስም ነጥቆ ይስቃል!»

በማግሥቱ በአገሩ አንድም በቅሎ አልታየም፤ ሁሉም ወደ ብር ሸለቆ ወረደ። ሳምንት ሳይሞላ ደግሞ አልማዝ ያልሆነች ሕፃን ጠፋች። አራስ ቤት ያሉት ተሰየሙ፤ ጥርስ ያበቀሉትም ስማቸው ተለወጠ። አቻምየለሽ ተብላ በእግሯ መሄድ የጀመረች ልጅ አዲሱን ስሟን ሰምታ «አቤት» እስክትል ድረስ ተቆነጠጠች። ይርሳው የሚባል ገበሬ ወንዶች ብቻ ስለወለደ ተናዶ ጊደሪቱን አልማዝ አላት። አንዲት እናት ደጅ ወጥታ ስሙን ስትጣራ ከየጎረቤቱ ለቅሶ ይመለስላት ጀመር። ቃሉን ከዚያ በፊት ሰምቶ የማያውቅ ሁሉ የትርጉሙ መምህር ሆነ።

ክንፈሚካኤል ወደ ቤቱ ሲገባ አማቱ ሕፃኗን ታቅፈው በር ላይ ጠበቁት።

«አልማዝ ብያታለሁ!»

«እሜቴ፣ በማርያም! እኔ የመንግሥት ሰው ነኝ። ንግሥቴ ትባል፤ ደስ የሚል ስም ነው።»

«አሁን ነው ንግሥቴ ያማረችህ? ሂድና ለጌታህ ንገረው፤ ወለተ ጊዮርጊስ የልጅ ልጇን አልማዝ አለቻት በለው!»

«ድንጋይ ነው ብለው አልነበር?»

«ድንጋይ ነው! የማይቆረጥ ድንጋይ! አንተ ምን ታውቃለህ?»

ክንፈሚካኤል ፊቱን በጋቢው ሸፈነ። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ ያየችው አስካለ ማርያም ልታባብለው ጠጋ አለች፤ ሲያለቅስ አይታው አታውቅም ነበር።

የክርስትናው ዕለት ካፒቴኑ ክንፈሚካኤልን አስከትሎ በመንደሩ አለፈ። ዝናቡ ገብቶ ካሚዮኑ ጭቃ ውጦት ቀርቷል፤ ወታደሮቹ የጥይት ሳጥን ተሸክመው ላብ ያጠምቃቸዋል። ሴቶቹ ከዳሱ ወጥተው መንገዱን ሞሉት። ሕፃናቱን ከፍ አድርገው «አልማዝ! አልማዝ!» እያሉ እልል አሉበት። ከፊት የቆሙት ወይዘሮ ወለተ ጊዮርጊስ እሰረኝ ብለው ሁለት እጃቸውን ዘረጉለት። ካፒቴኑ ባርኔጣውን አውልቆ እጅ ነሣና አለፈ።

«አፈረ!» አሉ ሴቶቹ።

ከመንደሩ ወጣ እንዳሉ ካፒቴኑ ወደ አስተርጓሚው ዞረ።

«በቅሎ አከራዩኝ ብዬ ከለመንኋቸው ወዲህ አንዲት እንኳ አላየሁም፤ ለመሆኑ ይህ ሁሉ ሰው የሚጮህብኝ አልማዝ ማለት ምን ማለት ነው?»