የሚያፈስ ጣሪያ

ሙሉጌጥ ሊሸጥ በቀረበው አሮጌ ቤት ደጃፍ ቆማ፣ ጠዋት ከባሏ የደረሳትን ፎቶግራፍ ጨምድዳ ይዛ ነበር። «የሰው አሮጌ ቤት እንዳትገዢ፤ እዚህ ሮም አዲስ አሠርቼ እወስድሻለሁ» እያለ፣ አዋሳ ላይ የቀበሌው ጓዶች በሰጧት አንዲት ክፍል አራት ዓመት አስቀመጣት። ይኸው አለቀ ብሎ የቤቱን ፎቶ ላከ። መስኮቱ ላይ የተሰቀለው እሷ በእጇ ሠርታ የላከችለት የዳንቴል መጋረጃ ነበር። ከመጋረጃው ኋላ ግን አንዲት ሴት ፀጉሯን በፎጣ ጠቅልላ አጮልቃ ታያለች። ሰውዬው ፎቶውን ሲልክ ልብ አላላትም።

ሻጩ ጋሽ ጉልላት ቁልፉን እንደያዙ አመነቱ። «አልዋሽሽም ልጄ፣ ዝናብ ሲመጣ ጣሪያው ያፈሳል።»

«ያፍስ» አለች ጥርሷን ነክሳ፣ እጇን ለቁልፉ ዘርግታ። «እርስዎስ ነገሩኝ፣ ጋሼ።»