አንድ መርፌ ለመንታ

«ለኦጄ ሰፈር ነዋሪዎች በሙሉ! ትልቅ ትንሹ ይስማ! የእማማ አሻኬ መንታ የልጅ ልጆች በዛሬው ዕለት ጆሯቸውን ይበሳሉ!»

አዋጁን ያስነገረ የለም፤ ጆሮ በሺው ላሚዲ ራሱ ነው ግቢው መሃል ቆሞ ያወጀው። «አንድ መርፌ ለአንድ ሰው! ከእሽጉ ይወጣል፣ ይበሳል፣ እዚህ ይገባል! ሌላ ሰው አይነካም!» ብሎም የመርፌ መጣያውን ወፍራም ጠርሙስ እንደ ዋንጫ ከፍ አደረገው። ተጨበጨበለት። እንደ ወጉ ለመንታ የሚቀቀለው አደንጓሬ በዘንባባ ዘይት እየተንተከተከ ነው።

እጁን ታጥቦ ጓንቱን አጠለቀ። «ከማን ልጀምር?»

«ከኬሂንዴ ነዋ!» አሉ አያትየው እማማ አሻኬ፣ ሕፃኗን ጭናቸው ላይ እያመቻቹ። «በወጋችን ኋላ የወጣችው ታላቅ አይደለችም? ታይዎ ቀድማ የወጣችው ዓለሙን ቀምሳ እንድትነግራት ተልካ ነው።»

ላሚዲ የኬሂንዴን ጆሮ በአልኮል ጠረገ፣ ነጥብ አደረገበት፣ እሽጉን ቀደደ። መርፌውን ሊያስጠጋ ሲል የታይዎን እሽግ በዓይኑ ፈለገ። ትሪው ላይ የለም። ቦርሳው አፉን ከፍቶ ተቀምጧል፤ ውስጡ ጥጥ ብቻ።

ጠዋት እማማ ሲደውሉ «ና፣ መንታ አለልህ» ነበር ያሉት። መንታ። አንድ ቃል። ጉትቻውን ለአራት ጆሮ ብሎ አራት ይዟል፤ መርፌውን ግን እንደ ቃሉ አንድ።

«ምን ሆንክ? ብሳት እንጂ!»

«እማማ… ዛሬ አንዷን፣ ነገ ሌላዋን ብናደርግስ?»

የመንታዎቹ እናት ታይዎን ወደ ደረቷ አስጠጋቻት።

«ለአንዷ አድርገህ አንዷን ልትከለክል? አኩርፋ ወደመጣችበት ብትመለስብንስ፣ ብትሞትብንስ?» አለች።

«መርፌ አለቀበት መሰለኝ» አለ አንዱ ጎረቤት እየሳቀ።

«ቢያልቅበትስ? መንታ ነፍሱ አንድ ነው! በዚያው ይብሳቸው!» አለ ሌላው።

«ይብሳቸው!» አለ ግቢው፤ ያው ቅድም ያጨበጨበው።

ላሚዲ በእጁ የያዘውን መርፌ አየ። ኬሂንዴን ከበሳ፣ ታይዎን ከዚያው መርፌ የሚያስጥላት የለም። ኬሂንዴ ቀና ብላ ጥርስ የሌለው ድዷን አሳየችው።

ጣቶቹን ከፈተ።

መርፌው ሲሚንቶው ላይ ቅጭል አለ።

«ወደቀ» አለ።

«በአልኮል ጥረገዋ!»

«የወደቀ አይበሳም።» አንስቶ ጠርሙሱ ውስጥ ጣለው፤ ክዳኑን ጠምዝዞ ዘጋ።

«ሌላ አውጣ!»

«የለም። ነገ ሁለት ይዤ እመጣለሁ።»

«ለሁለት ልጅ አንድ መርፌ ብቻ ይዘህ መጣህ?» አለ ጎረቤቱ። «አንተ የመርፌ ሰባኪ!»

ሳቁ ከግቢው አልፎ መንገድ ወጣ። አልቅሶ የማያውቅ ሰው ሁሉ ዓይኑን ይጠርጋል። እማማ አሻኬ ግን አልሳቁም። ጓንቱን ሲያወልቅ እጁን ትክ ብለው አዩት፤ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«አልወደቀም። አንተ ነህ የለቀቅከው፤ አይቼሃለሁ። ምነው ልጄ፣ መሳቂያ ልትሆን?»

«ለምን እንደለቀቅኩት አልናገርም፣ እማማ» አለ፣ ዓይኑን ከኬሂንዴ ወደ ታይዎ እያሻገረ።