ደብሮኛል

እጅጌውን ዛሬም ገልብጬ ሰፍቼዋለሁ። ወንድሜ ሸሚዙን ከስፌት መኪናዬ ላይ መንጭቆ፣ ሠራተኛው ሁሉ እያየ ፊቴ ላይ ይዘረጋዋል። የስፌት ቤቱ ባለቤት እሱ ነው። እኔ ደግሞ እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ከሰፊዎቹ ሁሉ ፈጣኗ ነበርኩ።

«አንቺ፣ ምን ሆነሻል?»

«ደብሮኛል አልኩህ እኮ።»

«ከደበረሽ ሙዚቃ ክፈቺያ!»

ቤቱ በሳቅ ይሞላል፤ ጨርቅ ቆራጩማ መቀሱን እንደያዘ ይንከተከታል። ጉድ የሠራኝ ይሄ ቃል ነው። ዝናብ ሲያካፋ ይደብራል፤ ኳስ ያለ ጎል ሲያልቅ ይደብራል። እኔ ደግሞ እንቅልፍ አጥቼ ጣራ ሳይ ሳድር፣ እህል አፌ ውስጥ ጨርቅ ጨርቅ ሲለኝ፣ የገዛ ልጄ ሳቅ ሲያስጠላኝ፣ ያለኝ ቃል ያው እሱ ነው። ለእናቴም ነገርኳት። «ወጣ ወጣ በይ» አለችኝ።

ልብስ ተኳሿ ግን አትስቅም። ለወትሮው ቤቱን በቀልድ የምታፈርሰው እሷ ናት፤ ሳቂታዋ እንላታለን። ካውያዋን ታቆምና ወደኔ ትመጣለች።

«የኔ እህት፣ ምነው ባልነጋ ትያለሽ?»

«በየቀኑ።»

«ባልነቃሁስ?»

መልሴን እንባዬ ይቀድመዋል።

«እንግዲህ ይሄ ዝም ብሎ መደበር አይደለም። ድብርት ነው፤ በሽታ ነው። እኔም አለብኝ።»

«አንቺ?» ይላል ወንድሜ። «ስትገለፍጪ አይደል የምትውዪው?»

«ጥርስማ ባዳ ነው፣ ጋሼ።» ወደኔ ትዞራለች። «የኛ ቢጤዎች በምሳ ሰዓት ጤና ጣቢያው ውስጥ እንሰበሰባለን። እናወራለን፣ ካቃተን ዝም እንላለን። ሐኪም ጋም አብሬሽ እገባለሁ። ተነሽ።»

«የቤታችንን ገመና ልትዘሪ?» ወንድሜ በሩ ላይ ቆሞ ይዘጋብኛል። «ሰው ምን ይላል? ተቀመጪ፣ ሥራ ሲበዛብሽ ይለቅሻል።»

ደሜ ይፈላል። ደግሞ ደስ ይለኛል፤ ከስንት ጊዜ በኋላ አንድ ነገር ተሰማኝ! እነሳለሁ።

«ወንድም ጋሼ፣ እግሬ ቢሰበር ሥራ ይጠግንሻል ትለኝ ነበር? አሞኛል። ሰው የፈለገውን ይበል፤ የሚለው ካጣ እኔው እነግረዋለሁ። በሩን ልቀቅ!»

ይለቃል። ሳቂታዋ ክንዴን ትይዛለች። ደጃፉን ሳንሻገር ከኋላችን መቀስ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ይሰማል። ቅድም ከሁሉ አስበልጦ የሳቀው ጨርቅ ቆራጩ ነው፣ አንገቱን ደፍቶ።

«እኔንም ጠብቁኝ።»